የካርቶኗ ዶሮ ጉርሻ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ። ባል ቀብሬአለሁ፤ ቤት ፈርሶብኝ ከሰፈር ሰፈር ተንከራትቻለሁ። እንደዚያ እሁድ ግን ደንግጬ አላውቅም። እስከ ዛሬ የልጅ ልጄ የሥዕል መጽሐፏን ይዛ ስትመጣ ከመጽሐፉ በፊት የማየው እጇን ነው።

የምኖረው ኮልፌ ቀራንዮ፣ ወደ አስኮ በሚወስደው በኩል፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ሴት ልጄ ሥራ ስለምትውል ልጇን ረምላን የምይዘው እኔ ነኝ። ረምላ ያኔ ሁለት ዓመት አልፏት ሦስት አልሞላትም ነበር።

አንድ ቀን ልጄ ወፍራም ወረቀት ያለው የሥዕል መጽሐፍ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ስልክ ከምትሰጫት ይህን አብራችሁ እዩ» አለችኝ።

«አፏን በወጉ ላልፈታች ልጅ መጽሐፍ!» ብዬ ሳቅሁባት። እኔ ራሴ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። መጽሐፉ ግን ብዙ ጽሑፍ የለውም። ዶሮ አለች፣ ላም አለች፣ ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ልጅ አለች። የጎደለውን ከራሴ እየጨመርኩ አወራላት ጀመር። ጃንጥላ የያዘችው ልጅ ረምላ ሆነች፤ ላሟ ደግሞ አጥር ጥሳ ጎመናችንን የምትበላ ባለጌ ላም ሆነች። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ሳይታይ ምሳ የሚባል ነገር ቀረ።

ከሁሉ የምትወደው ዶሮዋን ነው። ሥዕሉን በጣቷ እየነካካች «ራባት፣ ራባት» ትላለች። እኔም የጫማ ካርቶን አንስቼ አፍ ቀደድኩለት፣ በእስክሪብቶ ዓይን ሣልኩለት፣ ከላይ ቀይ ጨርቅ ለጠፍኩበት። ዶሮ ሆነች። የውሃ ፕላስቲክ ክዳን አጠራቅመን ረምላ ታጎርሳት ጀመር። ቀይ ስላት ቀይ፣ ሰማያዊ ስላት ሰማያዊ እየመረጠች። ስታጎርሳት «በሞቴ» ትላለች። ከትልልቅ ሰው የሰማችውን ነው።

ልጅቷ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ የመክተት አመል ነበረባት። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ። «መሬት ላይ ያገኘሽው ያንቺ አይደለም፤ የዶሮዋ ነው» አልኳት። ሠራልኝ። ጠጠሩም፣ ክሩም፣ የወዳደቀውም ሁሉ ለዶሮዋ ሆነ። በዘዴዬ ኮርቼ ለጎረቤት ሁሉ ሳላወራ አልቀረሁም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሺ «የናቴ ሀብል! የናቴ ወርቅ!» እያለች ስትጮህ ከቤት ወጣን። የሺ ከኔ ቀጥሎ ያለው ቤት ተከራይ ናት፤ መርካቶ ትነግዳለች። ከእናቷ የቀራት ያ ሀብል ብቻ ነው። የቤት ልብሷ ኪስ ውስጥ ረስታው፣ ጠዋት ልብሱን ከሌላው ጋር ለበላይነሽ ሰጥታታለች። አሁን ልብሱ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ኪሱ ግን ባዶ ነው።

በላይነሽ በየሳምንቱ እየመጣች የግቢውን ሰው ልብስ የምታጥብ ሴት ናት። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነው። የእጇ አረፋ ሳይደርቅ ቦርሳዋን ገለበጠች። ሻሿን ሳይቀር ፈትታ አራገፈች።

«ታዲያ ማን ወሰደው? ሳሙናው በላው?» አለች የሺ።

«እትዬ የሺ፣ እኔ ኪሱ ውስጥ ምንም አላገኘሁም። ልጆቼን ያሳጣኝ!»

«ስትወስድ አይተሻታል?» አልኩ እኔ ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ።

«እማማ ዘሀራ፣ እባክዎ እርስዎ ደግሞ ጠበቃ አይሁኑብኝ።»

«አይተሻታል ወይ ነው ያልኩሽ። ካላየሽ አፍሽን ሰብስቢ!»

የሺ ፖሊስ እጠራለሁ አለች። ሌሎቹ ተከራዮች ጥግ ጥግ ይዘው ማንሾካሾክ ጀመሩ። ሁሉም ዓይኑ በላይነሽ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ያለ ማስረጃ ሲከሰስ ሳይ ደሜ ይፈላል። ያኔ ነው የአፈሩን ነገር ያነሳሁት።

በእናቴ አገር ዕቃ ሲጠፋ ሰው ሁሉ አፈር ቋጥሮ ይመጣል። ቋጠሮው አንድ ላይ ይከመርና በሽማግሌ ይፈታል። የወሰደው ሰው አፈሩ ውስጥ ደብቆ ይመልሳል፤ ማን እንደመለሰ አይታወቅም፣ አይጠየቅም።

«ነገ ከሰዓት፣ ከዐሱር ሶላት በኋላ ሁላችንም በጥቁር ፌስታል አፈር ይዘን እንመጣለን» አልኩ። «እኔም፣ በላይነሽም፣ አንቺም።»

«እኔ ደግሞ የራሴን ወርቅ ልሰርቅ?»

«አንቺም! አንድ ሰው ከቀረ ሌላው ሁሉ ተሰደበ ማለት ነው።»

የግቢው ትልቅ ሰው ጋሽ ተካ «ወይዘሮ ዘሀራ ልክ ናቸው፤ ቋጠሮውን እኔ እፈታለሁ» ሲሉ የሺ እያጉረመረመች ተስማማች። በላይነሽ ከቦርሳዋ የገለበጠችውን ትለቅም ጀመር። እኔ ግን ትልቅ ፍርድ የሰጠሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

በማግስቱ ሰግጄ ስጨርስ ከአጥሩ ሥር አፈር ዝቄ ፌስታሌን በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሰው እስኪሰበሰብ ረምላን ጭኔ ላይ አድርጌ መጽሐፉን ገለጥኩ። ቢጫ ጃንጥላ የያዘችው ልጅ ጋ ስንደርስ «እስቲ ቢጫ አምጪልኝ» አልኳት፤ ክዳኑን ማለቴ ነው።

ከጭኔ ወርዳ ካርቶኗን አቅፋ ተቀመጠች። እጇን በዶሮዋ አፍ እስከ ክንዷ ከትታ በረበረች። ከዚያ «ቢጫ!» ብላ ዘረጋችልኝ።

ከትናንሽ ጣቶቿ መሀል የየሺ ሀብል ተንጠልጥሏል።

ጆሮዬ ጭው አለ። ብድግ ስል መጽሐፉ ከጭኔ ወደቀ። ረምላ እንዳጨበጭብላት ፊት ፊቴን ታያለች። እኔ ግን ሀብሉን ከእጇ ነጠቅኩ።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«መሬት» አለች፤ በበሩ በኩል የልብስ ማጠቢያውን ቦታ አሳየችኝ። «ዶሮ ጎረሰች። በሞቴ አልኳት።»

ከኪሱ የወደቀውን አነሳች፤ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ቅጽበት ዓይኔ በሩ አጠገብ ያለው ፌስታል ላይ አረፈ። ወላሂ ያኔ ያሰብኩትን ሳስታውስ ዛሬም ይዘገንነኛል። ሀብሉን አፈሩ ውስጥ ብከተው ማንም አይጠይቅም። የኔ ቤት ስም አይነሳም። «ለሌባ ስትሟገት የነበረችው ራሷ ሌባ» የሚለኝ አይኖርም። እጄ ወደ ፌስታሉ ሄደ።

ከውጭ የአንዷ ተከራይ ድምፅ ተሰማ። «ያችውና፣ በላይነሽ ፌስታሏን ይዛ መጣች። ዛሬ ወርቁ ይገኛል፣ ታያላችሁ!»

ሰው ሳቀ። እጄን ከፌስታሉ ሰበሰብኩ። ወርቁ ከአፈሩ ውስጥ ቢገኝ ማንም «አይታወቅም» አይልም። ሁሉም በላይነሽ መለሰችው ይላል። ለሁሉም እኩል ነው ያልኩት አፈር ለእሷ እኩል አልነበረም።

ረምላን በአንድ እጄ፣ ካርቶኗን በብብቴ፣ ሀብሉን በጣቴ ይዤ ወጣሁ።

«ወርቅሽ ይኸውልሽ» አልኳት የሺን። «ከኔ ቤት ነው የተገኘው።»

«እማማ ዘሀራ… ከእርስዎ ቤት?» አለች። ሀብሉን ተቀበለችኝ፤ ዓይኗ ግን ፊቴ ላይ ቀረ። እንዲያ ታይቼ አላውቅም። ከኋላ አንዱ «ወይ ጉድ! ለካ ጩኸቱ ለዚህ ነው» ሲል ሰማሁ።

ነገሩን ተናገርኩ፤ ፊታቸው ግን አላመነም። የሁለት ዓመት ልጅ ላይ ማላከክ ለማንም ቀላል ነው። «የጣትሽን ቀለበት አውልቂና እዚያ ገመዱ ሥር ጣይው» አልኳት የሺን።

ጣለችው። ካርቶኗን መሬት ላይ አስቀምጬ ረምላን ለቀቅኳት። ትንሽ ዞር ዞር አለች። ከዚያ ቀለበቱን አየችው፣ ሮጣ አነሳችው፣ ይዛው መጣች፣ «በሞቴ» ብላ ለዶሮዋ አጎረሰቻት።

ከዚያ ጋሽ ተካ በሳቅ ፈነዱ፤ ግቢው ሁሉ ተከተላቸው። «ሌባዋ ዶሮ ናት እንዴ!» አሉ። የሺ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

በላይነሽ ብቻ አልሳቀችም። ግድግዳው ሥር ቁጭ ስትል ፌስታሏ ከእጇ ወድቆ ተቀደደ። አፈሩ ፈሰሰ። ከአፈሩ ውስጥ የወርቅ የጆሮ ጉትቻ ወጣ።

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ተካ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይሄስ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «ከሰርጌ የቀረኝ ነው። ሀብሉ እንኳ ባይገኝ ይህን አግኝተው ዝም ቢሉኝ ብዬ ነው። ከዚህ ግቢ ሌባ ተብዬ ከወጣሁ ማን ልብስ ይሰጠኛል?»

እኔ ከሀብሉ ይልቅ በዚያ ደነገጥኩ። ያልሰረቀች ሴት የራሷን ወርቅ እንደ ሌባ ልትመልስ አፈር ውስጥ ቀብራ አመጣች። ያመጣችውም እኔ በፈረድኩት ፍርድ ነው።

የሺ ወደ በላይነሽ ጆሮ ጠጋ ብላ ይቅርታ ልትል ስትል ከለከልኳት። «ስትሰድቢያት በሹክሹክታ ነበር? ግቢው እንዲሰማ ተናገሪ!» አልኳት። ተናገረች። እኔም ከእሷ ቀጥዬ «የአፈሩን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ጉትቻውን ከአፈሩ ለቅሜ፣ በቀሚሴ ጠርጌ፣ በእጄ መለስኩላት።

መጽሐፉን ዛሬም እናያለን፤ ዶሮዋም ትጎርሳለች። ሲመሽ ግን ካርቶኗን ገልብጬ ሳላይ አልተኛም። ግቢው ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ እኔ ቤት መጥቶ «ዶሮዋን ጠይቂልን» ይላል፤ ይሳቃል።

በላይነሽም ዛሬም ታጥባለች። ነገር ግን ልብስ በሰጠናት ቁጥር ውሃ ከማስነካቷ በፊት ኪሱን በሁላችንም ፊት ትገለብጥና «እዩልኝ፣ ባዶ ነው» ትላለች። «ተይ፣ ማን ጠየቀሽ?» እላታለሁ። ትስቅና ቀጣዩን ኪስ ትገለብጣለች። ያን ባየሁ ቁጥር የዚያ እሁድ ድንጋጤ እንደ አዲስ ይይዘኛል።