አያቴ ዘፈን ያስከፍት ነበር

አያቴ ራዲዮ የሚሰማው ስልኩን በእጁ ይዞ ነበር። ዲላ ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ከወናጎ ባመጣት በርጩማ ተቀምጦ የአንዱን አቅራቢ ፕሮግራም ይጠብቃል። ሰውየው ሙስሊሞችን በጅምላ ሲሰድብ አያቴ ይደውልና፣ «ልጄ፣ ጎረቤቴ ዘሃራ አጠገቤ አለች። እስቲ ያልከውን ስሟን ጠርተህ ድገምላት» ይለዋል። «ዓለምን ያበላሹት አይሁዶች ናቸው» ሲል ደግሞ፣ «የትኛው አይሁዳዊ? ስሙን ጥራልኝ» ይላል። አቅራቢው ስልኩን ዘግቶ ዘፈን ይከፍታል። ያኔ አያቴ፣ «አስከፈትነው!» ብሎ ትከሻውን ይሰብቃል። ጴንጤ ስለነበር ዘፈን አይሰማም፤ ትከሻው የሚነቃነቀው ያኔ ብቻ ነው።

አያቴን ከቀበርን ሳምንት ሳይሞላ አቅራቢው እየሳቀ፣ «ያ የዲላ ሽማግሌ ጠፋ፤ እፎይ!» አለና ስድቡን ቀጠለ። የአያቴን ስልክ አንስቼ ደወልኩለት፤ ድፍረቱን የሰጠኝ ቂም ነው።

«ማን ልበል?» አለ አቅራቢው።

«የሽማግሌው የልጅ ልጅ ነኝ። እሱን ቀብረነዋል፤ እማማ ዘሃራ ግን አጠገቤ ናቸው። በል፣ ስማቸውን ጠርተህ ስደባቸው!»

እማማ ዘሃራ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ «እየሰማሁህ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉት።

አቅራቢው ዘፈን ከፈተ።

«አስከፈትሽው!» ብለው እማማ ዘሃራ አቀፉኝ። በደስታ ትከሻችንን እየሰበቅን ሁለታችንም ወደ በርጩማዋ ዞርን። ማንም የለባትም።

ነገም እደውላለሁ፣ አባባ። የሚከፍተው ዘፈን እስኪያልቅበት አልለቀውም።