የማይጠፋው ኮምፒውተር

ጸሐፊዋ መጀመሪያ ልትፈታው የተነሣችው ችግር ቀላል ነበር፤ ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ። ቤቷ ተቀምጣ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች መጠበቅ ሰለቻት። አጥፍቼ ላብራው ብላ ስትነካው ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ድቅን አለባት፦ ሌላ ሰው ገብቷል፤ ከጠፋ ያልተቀመጠ ሥራው አብሮ ይጠፋል።

ሌላው ሰው አማቷ፣ የባሏ አባት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ። ኮምፒውተሩን የገዙትም እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳ፤ ሁሌም ይደንቀኛል። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ክፍል ሊኖረው ይችላል። አንዱ በሩን ቆልፎ ሲወጣ ሌላው በራሱ በር ይገባል። የመጀመሪያው ሰው ከፍቶት የወጣው ሁሉ ግን ከተቆለፈው በር ጀርባ እንዳለ ይቆያል፤ ቦታም ይይዛል። የሚቆየው ታዲያ ማሽኑ እስካልጠፋ ድረስ ነው። ሴቭ ያልተደረገ ነገር ሲያጠፉት እንደ ጉም ይበናል።

አማቷ ደግሞ ሴቭ አድርገው አያውቁም። ጠዋት ሲመለሱ ጽሑፉን እንደተዉት ያገኙታል፤ ታዲያ ማስቀመጥ ለምን ያስፈልጋል? የሚጽፉት ስለ ሟች ባለቤታቸው ነበር፤ የት እንደተገናኙ፣ በምን ትስቅ እንደነበር። ከዚያ መርሳት መጣ። መጀመሪያ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የይለፍ ቃሉ፤ አሁን አሁን ሟች ባለቤታቸው ራሷ ትጠፋባቸዋለች።

"አባባ፣ እስቲ ያስታውሱ። ስም ነው? ቁጥር ነው?"

"እኔ ምኑን አውቄው። የተማርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

"የቆለፉት እርስዎ ነዎት እኮ።"

"እንግዲያው ጥሩ አድርጌ ቆልፌዋለሁ" አሉና ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

የኮምፒውተር ጠጋኝ አስጠራች። የማሽኑ አዛዥ የሽማግሌው አካውንት ስለሆነ በእሷ በኩል ሊከፍተው አልቻለም።

"ላጥፋውና የይለፍ ቃሉን ወዲያው እቀይርልሻለሁ።"

"ጽሑፋቸውስ?"

"እሱን እርሺው፣ እህቴ።"

አመስግና ሸኘችው። ባሏን ብትጠይቀው፣ "አጥፊው ልልሽ እልና፣ የእናቴ ነገር ነው" አላት።

መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆየው መጠባበቂያ ባትሪ ነው። ባትሪው መጮህ ሲጀምር የራሷን ሥራ ትዘጋለች፣ ስክሪኑን ታጠፋለች፣ እጇን አጣምራ ትቀመጣለች። ሌላ የምታደርገው ነገር የለም። ባትሪው እያረጀ ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ከበፊቱ ቀድሞ መጮህ ይጀምራል።

አሁን የምትሞክረው ይህን ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ሳይደክማቸው፣ ሻያቸውን ሰጥታ፣ የእሳቸውን የይለፍ ቃል መጠየቂያ ከፍታ ኮምፒውተሩ ፊት ታስቀምጣቸዋለች። ስለ ይለፍ ቃሉ አታነሣም። እጃቸውን ቁልፎቹ ላይ ታሳርፍና ስለ ድሮ ሥራቸው ታስወራቸዋለች፤ ጭንቅላታቸው የረሳውን ጣታቸው ይዞት እንደሆነ ብላ። ዛሬ ስለ አንድ የፈነዳ ቧንቧ እያወሩ ጥቂት ፊደላት መቱና ቆሙ። "ከዚያስ?" ልትል አፏ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችውና ውኃው በየት በኩል እንደወጣ ጠየቀቻቸው።