የዋቲ ነጭ ጨርቅ

ስለ ዋቲ ጌዲስ አንድ ገጽ ጻፍ ያሉኝ የእግር ኳስ ክለባችን ኮሚቴ አባላት ናቸው። በጨዋታ ቀን ለምንሸጠው መጽሔት ነው። ከእሱ ጋር እንዳንተ አብሮ የሠራ የለም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እንደ እኔ የቀናበትም የለም፤ ይሄኛውን ግን አያውቁም።

ዋቲ ከከተማችን በላይ ባለው ኮረብታ ላይ አርባ ዓመት ድንች ያመረተ ገበሬ ነው። ሚስቱ ስትሞትበት እርሻውን ለልጁ ሰጥቶ ሥራ ፈታ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎል በሩ ጀርባ ቆሞ፣ በአንድ እጁ በሊጥ የተጋገረ የሥጋ ፓይ ይዞ የመስመር ዳኛውን መስደብ ነበር ሥራው። እኔ ደግሞ ዶድ ማኪ እባላለሁ፤ የሜዳው ተንከባካቢ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ ደመወዝ ሣሩን አጭጃለሁ፣ መስመሩን አስምሬያለሁ፣ እሑድ እሑድ ተጫዋቾቹ የቦጫጨቁትን አፈር በእግሬ እየረገጥኩ መልሻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስሜ መጽሔቱ ላይ የወጣው አንዴ ነው፤ እሱም ውሻዬ ሜዳ ገብታ ጨዋታ ያቋረጠች ዕለት።

ባለፈው ጥር ውርጩ አልለቅ ብሎ ሁለት የሜዳችን ጨዋታዎች ተሰረዙ። በሦስተኛው ሳምንት ዋቲ በትራክተሩ መጣ። ድንቹን ከውርጭ ይከላከልበት የነበረውን ስስ ነጭ ጨርቅ በጥቅል በጥቅል ጭኖ ነበር። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲያለብሰው ሰዉ ተሳለቀበት፤ አንዱማ ድንቹን መቼ ነው የምንቆፍረው ብሎ ጠየቀው። ቅዳሜ ጠዋት ጨርቁን ስንገፈው ግን ሣሩ ለስልሷል። በዚያ ቀን በሊጋችን ከተደረጉት ጥቂት ጨዋታዎች አንዱ የእኛ ነበር፤ ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ሕዝቡ የተጫዋቾቹን ትቶ የዋቲን ስም ዘመረ። በሚቀጥለው መጽሔት ፎቶው ሙሉ ገጽ ይዞ ወጣ። ከጀርባው መጥረጊያ የያዘ አንድ ክንድ ይታያል። ክንዱ የእኔ ነው።

ውስጤ ቅጥል አለ። ባለቤቴ ሞይራ ግን ፎቶውን አይታ "ቆንጆ ክንድ ነው" ብላ ሳቀች። ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

የካቲት መጨረሻ ላይ ከእኛ ጋር በሰንጠረዡ ግርጌ የሚተናነቀው ቡድን ሊመጣብን ሆነ። የመጨረሻ የሚወጣ ክለብ ከታችኛው ሊግ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ከተሸነፈ ይወርዳል። ክለባችን ደግሞ በየትኛውም ትውልድ ወርዶ አያውቅም። ሐሙስ ዕለት ዋቲ ከትራክተሩ ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረና ደወለልኝ።

"ዶድ፣ ጨርቁን አንተ አልብሰው። በጥላ ፎቁ በኩል ያለውን የጎል በር አደራ፤ ፀሐይ አያገኘውም።"

ይሄን ለእኔ! የገዛ ሜዳዬን ሊያስተምረኝ! ዓርብ ከሰዓት ሜዳውን አለበስኩ። የመጨረሻዋን ጥቅል ግን ዕቃ ቤት ውስጥ ከማጨጃው ኋላ ሸጎጥኳት፤ በጥላ ፎቁ በኩል ያለው በር ራቁቱን አደረ። እንድንሸነፍ አልፈለግሁም። የፈለግሁት ጨዋታው እንዲሰረዝና ሰዉ የዋቲ ጨርቅ ምን ሊረባ ብሎ እንዲተወው ብቻ ነበር።

ጠዋት ዳኛው መጥቶ ኳሷን እዚያ በር አፍ ላይ ጣላት፤ ድንጋይ ላይ እንደወደቀች ነጠረች። ጨዋታው ለማክሰኞ ተዛወረ። ለጠየቁኝ ሁሉ ጨርቁ አልበቃም አልኳቸው።

አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። በረኛችን ካለም ሪያክ ሁለት ሳምንት ከእኛ ጋር ነው፤ ሁለት ሳምንት ደግሞ ባሕር ላይ ነዳጅ በሚወጣበት መድረክ ይሠራል። ሰኞ ሄሊኮፕተሩ ይዞት ሄደ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክለቡ ውስጥ የኖረ ሰው ይሄን እንዴት ይረሳል? ቅናት ዐይኔን ጋርዶት ነበር። ማክሰኞ በሥራው ፖስታ አዳይ የሆነውን ተከላካያችንን በር ላይ አቆምነውና አራት ለባዶ ተሸነፍን። በግንቦት በአንድ ነጥብ ተበልጠን የመጨረሻ ሆንን። ከታች ከመጣው ቡድን ጋር ገጠምን፣ ወረድን።

የዚያን ዕለት ክለቡ ቡና ቤት ውስጥ ዐዋቂው ሁሉ ሲያለቅስ ዋቲ ምርኩዙን ይዞ ተነሣ።

"የየካቲቱ ጥፋት የእኔ ነው" አለ። "ጨርቁን ስቆርጥ አሳጥሬዋለሁ። ዶድ በሰጠሁት ነው የሠራው።"

 ከዚያ አንዱ "ተቀመጥ አንተ ሽማግሌ፣ ቢራህ ሞቀ" ሲለው ሁሉም ሳቀ። አቀፉት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እኔ ጥግ ይዤ አየሁ። ማመን ያቅታል እንጂ፣ በዚያችም ሰዓት ቀናሁበት።

መኪና ማቆሚያው ጋ ተከትዬው ወጣሁና ለምን እንደዋሸ ጠየቅሁት።

"ጥቅሏን ከማጨጃው ኋላ አግኝቻታለሁ፤ እርሻ ወስጃታለሁ" አለኝ። "አንተን ካባረሩህ ሜዳውን ማን ይይዘዋል? እንዳንተ የሚያውቀው ሰው የለም።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሄን የሚለኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ። የነገረኝ እሱ ነው፤ ማንም በማይሰማበት ቦታ። ጥፋቱን እኔ ሠራሁት፣ ይቅርታውን እሱ ወሰደው። እስከ ዛሬ እነዚያ ትከሻው ላይ ያረፉት እጆች ትዝ ሲሉኝ ያንገበግበኛል።

መጽሔቱ ሐሙስ ይታተማል። ይሄንኑ ገጽ እንዳለ እሰጣቸዋለሁ። ስሜ በመጨረሻ ይወጣል።