ከበሩ አጠገብ የቀረ ጫማ

ልጅ ሳለሁ ወሬ የሰማሁት ምድጃ ዳር ነው፤ ምድጃው ግን የኤሌክትሪክ ነበር። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንዲት ቻይናዊት አሮጊት ትኖር ነበር። ፖፖ ነበር የምላት፣ በእነሱ አፍ የእናት እናት ማለት ነው። እማዬ «እሳቸው» እያለች ታከብራታለች፤ እኔ ግን እንደ ራሴ አያት ስለማያት አንቺ ነበር የምላት። እማዬ ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ ስለምትሠራ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፖፖ ጋ ታስገባኝና ግንባሬን ስማኝ ወደ ባስ ትሮጣለች።

የሲያትል የብርድ ወራት የታወቀ ነው። ገና ከሰዓት ሳለ ይጨልማል፣ ዝናቡም ዝም ብሎ ይወርዳል። ፖፖ ደግሞ መብራት ማብራት አትወድም። ምድጃውን ታበራና ጥቅልል ብረቱ እንደ ፍም ሲቀላ፣ የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ ዳር ዳሩን ትደረድርበታለች። ልጣጩ እየጠቆረ ቀጭን ጭስ ሲያወጣ፣ ያኔ ወሬው ሊጀመር ነው ማለት ነው።

«ኢት ፈርስት!» ትለኛለች። «አንቺ ስኪኒ፣ ነፋስ ሳይወስድሽ ሩዙን ጨርሺ። ከዚያ ወሬ።» የእሷም የእኔም እንግሊዝኛ ሰባራ ስለነበር በደንብ እንግባባ ነበር።

ፖፖ እናትና አባቷን አታውቅም። ያደገችው ቻይና ውስጥ፣ ትልቅ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ፣ ሁለት ፈረንጅ ሴቶች ወላጅ ለሌላቸው ሴት ልጆች በከፈቱት የሚስዮን ቤት ነው። አንዷ ረጅም፣ አንዷ አጭር ነበሩ። ረጅሟ ታስተምራለች፣ ትቆጣለች፤ አጭሯ የሰው ዓይን ታክማለች፣ ትስቃለች። «ስማችንን ቀየሩት፣ ፀጉራችንን ቆረጡት» እያለች ፖፖ እንደ አዲስ ትናደዳለች። ቆየት ብላ ደግሞ «ግን ማንም ያልፈለገንን ፈለጉን» ትላለች።

የዚያ ቤት ደንብ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም፣ ያየሁት ይመስለኛል። ሲመሽ እያንዳንዷ ልጅ ራሷ የሰፋችውን የጨርቅ ጫማ በሩ አጠገብ በተርታ ታስቀምጣለች። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሴቶች ጥቁር የቆዳ ጫማቸውን ከዳር ያኖራሉ። በሩ የሚቆለፈው ተርታው ሲሞላ ብቻ ነው። ክፍት ቦታ ካለ አንዲት ልጅ ውጭ ቀርታለች ማለት ስለሆነ፣ አጭሯ ፋኖስ ይዛ ፍለጋ ትወጣለች።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ከላይ ቦምብ ይወርዳል፣ ከታች መንገዱ ስደተኛ ብቻ ሆነ። ፈረንጆቹን የሚያወጣ መርከብ ወንዙ ላይ ቆሞ ሲጮህ፣ ረጅሟ ሊጥ በነካው እጇ በመስኮት «ሂዱ፣ ሂዱ!» ብላ ሸኘችው። ፖፖ ይህን ስታወራ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጇን ታወናጭፋለች፤ እኔም እስቃለሁ። የምንስቀው ግን እዚያ ድረስ ብቻ ነበር።

ከወንዙ ማዶ ስደተኞቹ በሰፈሩበት በሽታ ገባ። አጭሯ መድኃኒቷን ይዛ ልትሻገር ስትል ልጆቹ ቀሚሷን ይዘው አለቀሱ። እሷም የቆዳ ጫማዋን አወለቀች፣ ተርታው ዳር አስቀመጠች፣ የሣር ጫማ አጠለቀች። «ጫማዬ ይኸው እዚህ ነው፤ ጥዬው የት እቀራለሁ?» አለቻቸው። ሄደች።

ልጆቹ ማታ ማታ ጫማውን ይወለውሉ ነበር። ረጅሟን ሲጠይቋት «ሥራ በዝቶባት ነው» ትላቸዋለች። ብርዱ ሲበረታ አንድ ቀን ልጅ ያዘለች ስደተኛ በባዶ እግሯ በር ላይ ቆመች። ረጅሟ ብዙ አየቻት። ከዚያ ወደ ተርታው ሄዳ የአጭሯን ጫማ አነሳችና ሰጠቻት።

«ያኔ ሁላችንም አወቅን» አለች ፖፖ። ረጅሟ ለካ ጓደኛዋ በበሽታው መሞቷን ከሰማች ቆይታለች። ልጆቹ ምግብ እንዳይተዉ ብላ ሐዘኑን ለብቻዋ ይዛው ነው።

«ታዲያ ለምን ዋሸቻችሁ?» አልኳት።

ፖፖ ልጣጩን በጣቷ ስትገለብጥ ቆየች። «ለእኛም ጭምር ብቻዋን ልታለቅስልን ፈልጋ ነው። ግን እኛ ከጫማ ሰማን። ከጫማ መስማት...» አልጨረሰችውም። ዓይኗን ከልጣጩ አንስታ አየችኝ። ያኔ ለምን እንደዚያ እንዳየችኝ አልገባኝም።

እኛ ቤት ከበሩ ጀርባ የአባዬ ጃኬት ተሰቅሎ ነበር። አባዬ ቪዛ እየጠበቀ አዲስ አበባ ቀርቶ ነበር። እማዬ «ሲመጣ ብርዱ እንዳያስደነግጠው» ብላ ነው ወፍራም ጃኬት የገዛችለት፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተበጠሰም። እጄን በእጅጌው አስገብቼ «ሰላም አባዬ» እል ነበር። የሚሸተው የሱቅ ሽታ ነው፣ ለእኔ ግን አባዬ ማለት እሱ ነበር። ስልኩ እየራቀ እየራቀ መጥቶ ጭራሽ ቀረ። ስጠይቅ መጀመሪያ «ኔትወርክ የለም» ተባልኩ። ቀጥሎ «ሥራ በዝቶበት ነው።» የእማዬ ጓደኛ እትዬ አልማዝ ደጋግማ መምጣት ጀመረች፤ አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ «ልጅ ናት፣ ትንሽ ጠንከር ትበል» ስትል ሰምቻለሁ። ስለ ማን እንደምታወራ አላሰብኩም።

አንድ ቅዳሜ ዲቪ ደርሶት ገና የገባ ሰው እኛ ቤት መጣ። ስስ ኮቱ በዝናብ በስብሶ ነበር። ሻይ ጠጥቶ ሊሄድ ሲነሳ እማዬ ወደ በሩ ሄደች፣ ጃኬቱን አወረደች፣ የዋጋውን ወረቀት በጥርሷ በጠሰችው።

«ልበሰው ወንድሜ፣ የዚህ አገር ብርድ አይጣል ነው።»

«ኧረ እትዬ፣ አዲስ እኮ ነው! የማን ነው?»

እማዬ እጅጌውን ዘርግታ ያዘችለት። እኔ ጠረጴዛው ላይ ሥዕል እቀባ ነበር። ቀለሙን አስቀመጥኩ።

«አባዬ ሞተ?» አልኩ።

ሰውየው አንድ እጁን አስገብቶ ሌላውን ሳያስገባ ደርቆ ቀረ። እማዬ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። «ማነው የነገረሽ? ንገሪኝ፣ ማነው?» አለችኝ።

«ጃኬቱ» አልኳት።

ያንን ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኔን ያሳመመኝ ሞቱ ብቻ አልነበረም። እነዚያን ሁሉ ቀናት በእጅጌው ሰላም ስለው እሷ ቆማ ታየኝ ነበር። ፖፖ ታውቅ ነበር ይሆን? የእማዬን ለቅሶ በጣሪያዋ በኩል ሳትሰማ አትቀርም። አልጠየቅኳትም፣ አሁን የለችም።

አሁን እኔም እናት ሆኛለሁ፤ ከሲያትል አጠገብ ሾርላይን ነው የምንኖረው። ልጄን ዮናታንን ያሳደገችው እማዬ ናት። መስቀል ካለፈ በኋላ ሆስፒታል ገባች፣ አልተመለሰችም። ለቅሶው ሰሞን እሱን ጎረቤት ከተማ ሊንውድ፣ ሰው ጋ አቆየነው። ገና አራት ዓመቱ ነው። የእማዬ የሥራ ጫማ ከበሩ አጠገብ እንዳለ ነው፣ ማንሳት አቃተኝ። ጠዋት ጠዋት «ኢዝ አያቴ ካሚንግ ቱዴይ?» ይለኛል። «ኖት ቱዴይ፣ ማሬ» እለዋለሁ። ውሸት አይደለም እኮ፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ፣ ዕድሜ ልኬን እንደዚህ ማለት እችላለሁ።

እትዬ አልማዝ አሁን አርጅታለች፣ ግን ምክሯ ያው ነው። «ኢትዮጵያ ሄደች በይው፣ ኦኬ? ልጅ ይረሳል።» እሺ እላታለሁ። እኔ ግን አልረሳሁም።

እኔ ልጄ ሲያስነጥስ የምደነግጥ፣ ተኝቶ ትንፋሹን የማዳምጥ ሰው ነኝ። ልነግረው አፌን እከፍትና አፍንጫውን እጠርግለታለሁ። ያቺን ረጅም ሴትዮ ድሮ እጠላት ነበር። አሁን ገባችኝ። ቦምብ ሲወርድ መርከቡን የመለሰች ሴት፣ የልጆች ዓይን እያየች አንድ ቃል ማውጣት ፈራች።

ትናንት ከዝናብ ስንገባ ዮናታን ጫማውን አውልቆ ከእማዬ ጫማ ጎን አስቀመጠው። ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም አስተካከለ። በሩን ልቆልፍ ስል እጄን ያዘኝ። «ዶንት ሎክ ኢት። ሺ ሃዝ ኖ ሹዝ።» የፖፖን ወሬ አንድም ቀን አውርቼለት አላውቅም።

ዛሬ ከመዋዕለ ሕፃናት አምጥቼው አጠገቤ ተቀምጧል። ጫማዋ እዚያው ነው፣ እሱ ሳይሰማ ለማንም አልሰጥም። መብራቱን አጥፍቻለሁ፤ ምድጃው ቀልቷል፣ የመንደሪኑ ልጣጭ መጨስ ጀምሯል። «ዋት ኢዝ ዛት ስሜል?» አለኝ። «ኢት ፈርስት» አልኩት።

ሩዙን ሲጨርስ እነግረዋለሁ። ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። አላጣደፍኩትም።