ባለ አንድ ዓይኑ ወታደር

ባለፈው ሳምንት መቱ ገበያ ዳር አንድ አናጺ ቆዳ ቀቅሎ ሙጫ ሲያወጣ ሽታው ድንገት ደረሰኝ፤ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ቆሜ ሳብኩት። የጋምቤላው ቤታችን እንዲህ ይሸት ነበር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላና መርከቡ ከሱዳን ቀለም ይዞለት ሲመጣ፣ ወደቡ ፊት ለፊት ባለው ቤታችን አቡጀዲ ወጥሮ፣ ቀለሙን በተቀቀለ የቆዳ ሙጫ እያስበጠበጠ ይሥል ነበር። በዚያ ዓመት የያዘው መቱ መንገድ ላይ ላለው የቡሬ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚለጠፍ ስቅለት ነበር። ወጪውን የቻሉት ቡና ነጋዴው ባላምባራስ ደምሴ ናቸው፤ ቤቱም የእሳቸው ነበር። ከመስቀሉ ሥር እሳቸውም እንዲሣሉ ፈልገው ነበር፤ ከወደዱት ቤቱን ሊሰጡን፣ ካልወደዱት ክረምቱ ሲወጣ ልንለቅ ነበር።

ነሐሴ ላይ አባቴን ወባ ጣለው። ያልተሣሉት ባላምባራስ ብቻ ነበሩ፤ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ቀለም በጥባጩ፣ እጄን በላኝ። ባላምባራስን የማውቃቸው በረንዳችን ላይ ተቀምጠው መርከቡን ሲጠብቁ ከጎን ነበርና፣ እንዳየኋቸው ሣልኳቸው።

አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ አየና ግድግዳውን ተደገፈ።

«ልጄ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ሰው እኮ ነው» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ብሩሹን አንሥቶ በእጃቸው ጦር አስያዛቸውና ከሰቃዮቹ ወታደሮች አንዱ አደረጋቸው፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ባለ ሁለት ዓይን ሌላ ባላምባራስ ሣለ።

ጥቅምት ላይ ሊያዩ መጥተው ወታደሩ ፊት ብዙ ቆሙ። እናቴ ነጠላዋን ነክሳ ነበር።

«አለቃ፣ ይሄን ሰው የት ነው የማውቀው?»

«ክፉ ሰው የት ይጠፋል፣ ጌታዬ» አለ አባቴ ላቡ እየወረደ።

«የአማቼ አፍንጫ ነው» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁና ቤቱን ሰጡን።

አባቴ ካረፈ በኋላ ሸጥነው፤ ዛሬ የጨው መጋዘን ነው። እኔም ሠዓሊ ሆንኩ፤ ሰው ከጎን መሣል ግን እፈራ ነበር። ዘንድሮ ለንግሥ ቡሬ ስሄድ የባላምባራስን ልጅ እትዬ አሰለፈችን ወታደሩ ፊት ቆመው አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ አባትዎ እኮ ጥጉ ላይ ናቸው።»

«ያ ማንም ሊሆን ይችላል። አባቴስ ይሄ ነው፤ እሱም ያውቅ ነበር። ‹ሠዓሊው ደንግጦ እንዳይሞትብኝ አማቼ ነው አልኩት› እያለ ሲያስቀን ኖረ።»

ያን የጥቅምት ቀን የዋጥኩትን ትንፋሽ ገና ያኔ ለቀቅሁት። ባለፈው ሳምንትም ከአናጺው ሙጫ ገዝቼ ቤቴ ገባሁና፣ አባቴን አቡጀዲው ላይ እንዳጎነበሰ፣ ከጎን ሣልኩት።