መርዶ የሌላቸው መርከቦች

ከባለቤቴ ጋር አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ነገር አንሶላ ማጠፍ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከማድረቂያው ማሽን ትኩሱን አወጣሁት፤ እሱ ሁለቱን ጫፍ ያዘ፣ እኔም ሁለቱን። ስልኩን ከሳሙናው ጠርሙስ ጋር አስደግፎ ስለ መርከብ የሚያወራ ቪዲዮ ከፍቶ ነበር። ዓይኑ እዚያ ስለሆነ አንሶላው ወለሉን ነካ።

«መርከብህን ተውና ጫፉን ያዝ» አልኩት።

«ይዣለሁ እኮ። ይልቅ ስሚኝ፣ ይቺኛዋ ራዲዮ እንኳ አልነበራትም።»

«ስንት ጊዜ ነው የምትሰጥመው? ባለፈው ሳምንትም ሰጥማ ነበር።»

«ያቺ ሌላ ናት» አለኝ፣ ከልቡ።

በማግስቱ ከሥራ ቦታው ተደወለልኝ። ከምንኖርበት ከሴንት ፖል ብዙም በማትርቀው በብሉሚንግተን ከተማ የሆቴል ቫን ይነዳ ነበር፤ እንግዶችን ከኤርፖርት ያመጣል፣ ይመልሳል። ቫኑን ሆቴሉ በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን እንዳጠፋ ልቡ ቆመ። ተሳፋሪ አልነበረበትም።

የደሴ ልጅ ነው። ባሕር ያየው ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነው። ቢሆንም በረራ እስኪያርፍ ቫኑ ውስጥ ሲጠብቅ የሚያነበው ስለ መርከብ ነበር። ከበረዶ ጋር ተጋጭታ የሰጠመችውን ዝነኛዋን ብዙም አይወዳትም፤ ስለሷ ሁሉም ታውቋል ይላል። የሚያሳስቡት ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከወደብ ተነሥተው ያልደረሱት ናቸው። አንዷ ከደቡብ አፍሪካ ወደብ መንገደኞች ጭና ወጣች። በመንገድ ላይ ሌላ መርከብ አይታታለች። ከዚያ በኋላ የለችም። ወራት ሙሉ ተፈለገች፣ አልተገኘችም። እንደዚህ ስትሆን መድን የሚሰጡት ሰዎች ይጠብቃሉ፣ ይጠብቃሉ፣ በመጨረሻ ጠፍታለች ብለው ያስታውቃሉ። የመርከበኛው ሚስት ቁርጧን የምታውቀው ያን ጊዜ ነው።

«እስከዚያ ምን ትበል?» ይለኝ ነበር። «ባልሽ የት ነው ሲሏት? እነዚህ መርከቦች እኮ መርዶ ነጋሪ የላቸውም።»

እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሺ እለው ነበር።

ቀብሩ እዚሁ ሴንት ፖል ሆነ። ልጃችን የተወለደችው እዚህ ነው፤ መቃብሩም አጠገቧ ይሁን አልን። ደሴ ያሉት እናቱ ግን አልተነገራቸውም። አርጅተዋል፣ ደም ግፊት አለባቸው። ታላቅ ወንድሙ ጊዜ ጠብቄ አረዳታለሁ አለ። መጀመሪያ ፋሲካ ይለፍ ተባለ። ፋሲካ አለፈ። ከዚያ ጉንፋን ያዛቸው። ከዚያ ክረምቱ ይውጣ ተባለ። እኔ እሑድ እሑድ እንደ ድሮው እደውላለሁ፣ እሳቸውም ይጠይቁኛል።

«ያ ልጅ የታለ?»

«ሥራ ላይ ነው፣ እማማ።»

«እሑድም? ምን የሚሉት ሥራ ነው! የሚነዳው ንጉሥ ነው እንዴ?»

እስቃለሁ። ስልኩን ስዘጋ ልጄ ከሶፋው ላይ ታየኛለች። አንድ ቀን እስከ መቼ እንደማይነገራቸው በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

በመስከረም ከደሴ የመጣች ሴት ዕቃ ይዤልሽ መጥቻለሁ ብላ ደወለችልኝ። ያረፈችበት ብሩክሊን ሴንተር የሚባል ከተማ ድረስ ነድቼ ሄድኩ። በፌስታል የተጠቀለለ በሶ ነበር። እናቱ ገብሱን ራሳቸው ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ ነፍተው የላኩት ነው። መኪና ውስጥ ሲርበው ይበጥብጥ ብለዋል።

ሴትየዋ በሩ ድረስ ሸኘችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አላወቁም አይደል? እኔማ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንዴት ዓይናቸውን እንዳየሁ እግዜር ነው የሚያውቀው!»

በሶውን ጎኔ ባለው ወንበር ላይ አድርጌ ተመለስኩ። ስኔሊንግ ጎዳና ላይ የትራፊክ መብራት ሲይዘኝ አየሁት። ቋጠሮው በጥንቃቄ ሁለቴ የታሰረ ነው። ቤት ሳልገባ፣ መኪናው ውስጥ ሆኜ ወንድሙ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ይነገራቸው።»

«ትንሽ ታገሺ፣ እህቴ። የጤናዋን ነገር ታውቂያለሽ።»

«በሶ ልከውለታል።»



«እናቴን ልትገድያት ነው?» አለ።

«እየጠበቁት እንዲሞቱ ነው የምትፈልገው?» አልኩት። «እናንተ ካልነገራችኋቸው እሑድ ስደውል እኔ እነግራቸዋለሁ። በስልክ። ሰው ሳይኖራቸው።»

በስልክ መርዶ መንገር ነውር መሆኑን እኔም አውቃለሁ። የተናገርኩትም እሱ ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ሐሙስ ሲነጋጋ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች በራቸውን አንኳኩ። ወንድሙ በኋላ እንደነገረኝ፣ እናቱ ያን ያህል ሰው ጎሕ ሲቀድ ደጃቸው ቆሞ ሲያዩ ማንም ሳይናገር ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከዚያ አለቀሱ። ታመሙም፤ ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ተኙ። እነዚያን ሁለት ቀን ወንድሙ ስልኬን አላነሣም። እኔም አንሶላዎቹን ሁሉ አጠብኩ።

በሦስተኛው ሳምንት እናቱ ራሳቸው አስደወሉልኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«መቃብር አለው?» አሉኝ።

«አለው፣ እማማ።»

«ሰው አጠበው?»

«ባልንጀሮቹ አጠቡት።»

«ቦታው ምን ይመስላል?»

ዳገት ላይ ነው አልኳቸው። አጠገቡ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ክረምት በረዶ ይሸፍነዋል፤ ስሙ ድንጋዩ ላይ በሁለት ፊደል ተጽፏል፣ በኛም በነሱም። ድንጋዩ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠየቁኝ። ግራጫ አልኳቸው። 

«በሶው ደረሰ?» አሉ።

«ደርሷል።»

«እንግዲህ አንቺ ጠጪው።»

አሁን እሑድ ከሰዓት በኋላ አንሶላውን አልጋው ላይ ዘርግቼ ብቻዬን አጥፈዋለሁ። ከዚያ በሶዬን በጥብጬ እደውልላቸዋለሁ፤ ስለሱ የጠየቁኝን ሁሉ እመልስላቸዋለሁ።