ፍሬ የማይሰጠው ሙዝ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ገብቼ፣ ብዙ ከጠበቅሁ በኋላ፣ ካውንስሉ ለአትክልተኞች ከሚያከራየው የዌምብሊ መሬት አንዲት ቁራሽ ደረሰችኝ። እዚህ አሎትመንት ይሉታል። ጎመንና ቃሪያ ልተክል ነበር የሄድኩት። በመጀመሪያው ቀን ግን ዶማዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ፤ ከጎረቤቴ መሬት ላይ እንሰት ቆሟል። ግንዱ ቀላ ያለ፣ ቅጠሉ ከኔ ቁመት የሚበልጥ እንሰት! የጉራጌ ልጅ ነኝ፣ እንሰት አይጠፋኝም።

የእንሰቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከማሌዥያ፣ ታይፒንግ ከምትባል ከተማ የመጡ። በአገራቸው ደንብ ትልቅ ሴት በስሟ አትጠራም፣ አንቲ ነው የምትባለው። ደንቡ ለኔም እንግዳ ስላልሆነ ወዲያው አንቲ አልኳቸው።

«ሙዜን አየሽው?» አሉኝ። «የኢትዮጵያ ሙዝ ነው ብለው ሸጡልኝ። የአገርሽ ነው።»

ምን ልበል? እንሰት ሙዝ ይመስላል እንጂ የሚበላ ፍሬ የለውም፤ እኛ ቆጮ የምናወጣው ከግንዱና ከሥሩ ነው። እርሳቸው ግን ስንት ዓመት ፍሬ ሲጠብቁ! ውርጭ ሲመጣ ቅጠሉን ሰብስበው ያስሩና ግንዱን በገለባና በሰማያዊ ብርድ ልብስ ይጠቀልሉታል። ሲያፈራ፣ እናታቸው በዝናብ ቀን ይጠብሱላቸው እንደነበረው ሙዝ ሊጠብሱ ነው ሐሳባቸው። እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ስንቴ ዘጋሁት።

ታይፒንግን ያወቅኋት በእርሳቸው አፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘወትር የሚዘንብባት ከተማ ናት፤ ወንዶቹ ሻይ ቤት ተቀምጠው «ዛሬ በስንት ሰዓት ይጥላል?» እያሉ ይወራረዳሉ፣ የተረታ ሻይ ይጋብዛል። አባታቸው ዘፋኝ ወፎች ነበሯቸው፤ ጠዋት ጠዋት ፍርግርግ ቤታቸውን ከቤቱ ፊት ካለው ሱቃቸው በረንዳ ላይ ያንጠለጥሉታል። እናታቸው ባዶ የጋዝ ቆርቆሮ ውስጥ አበባ ይተክላሉ። ከጓሮ ደግሞ ሙዝ ነው። ያ ቤት ዛሬ ሆቴል ሆኗል። ፊቱን ቅርስ ነው ብለው አልነኩትም፣ ጓሮው ግን መኪና ማቆሚያ ነው።

«ፊት ብቻውን ቅርስ ይሆናል?» እያሉ ይናደዳሉ። እኔም አብሬ እናደዳለሁ፤ መናደድስ ይሆንልኛል።

እኔ በበኩሌ ቅጠሉ ያምረኝ ነበር። እናቴ የመስቀልን ዳቦ የምትደፋው በኮባ፣ በዚሁ በእንሰት ቅጠል ነበር። እኔ ለንደን ውስጥ በፎይል ስጋግር ኖርኩ፤ ዳቦዬ ዳቦ ነው፣ ሽታው ግን የለም። አንቲ ደግሞ ቅጠል ከተቆረጠ ፍሬው ይዘገያል ብለው ማንንም አያስነኩም።

አንድ ዓመት መስቀል ሲቃረብ በምርኩዝ መጡ። ዳሌያቸውን አሟቸዋል። «ይህን ብርድ ደግሞ ካለፈው ያፈራል» አሉና ብርድ ልብሱን ሊያናፍሱ ጎንበስ ሲሉ አቃሰቱ። ብርድ ልብሱን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

«አንቲ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ነገር መቼም ሙዝ አይሰጥም።»

ሳቁ። «አውቃለሁ። ሙዝ ከሥሩ ልጅ ያበቅላል፤ ይሄ አንድም አላበቀለም። ሙዝ ጓሮ ያደግሁ ሴት ይሄ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ይደክማሉ? ፍሬ እያሉስ ለምን ያወራሉ?»

«ፍሬ ስትያቸው ሰዎች ይገባቸዋል።»

ማካፋት ጀምሮ ነበር። ክንዴን ይዘው ከቅጠሉ ሥር አቆሙኝ። ዝናቡ ሰፊው ቅጠል ላይ ሲበረታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጓሯችን እንዲህ ነበር የሚሰማው» አሉ። «ሙዙንማ ከሱቅ እገዛለሁ።»

ያኔ ስለ እናቴ ዳቦ ነገርኳቸው። ቢላዋቸውን አውጥተው ሰፊውን ቅጠል ቆረጡልኝ።

ጋገርኩ። ክዳኑን ስከፍት ኮባው ሸተተኝ፤ ማዕድ ቤት ቆሜ አለቀስኩ። ዳቦውን ሳልቆርስ ለአንቲ ወሰድኩላቸው፤ በእኛ ዘንድ መርቆ የሚቆርስ ትልቅ ሰው ነውና። ምን ብለው እንደሚመርቁ ጨነቃቸው። ተክሉን አዩና «ይህን ብርድ ይለፈው» አሉ። አሜን አልኩ።

ተክሉ ብርዱን አለፈው። እርሳቸው አላለፉትም።

አሁን ሰማያዊውን ብርድ ልብስ የማለብሰው እኔ ነኝ። ለመስቀል አንድ ቅጠል እቆርጣለሁ፣ ሌላውን አላስነካም። ዝናብ ሲጥል ሥራዬን ትቼ ከሥሩ እቆማለሁ። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ግን የእናቴ ጓሮ አይደለም፤ ረግጫት የማላውቃት ታይፒንግ ናት።